ያልተተኮሰ ጆሮ

እኔን የያዙኝ ልጄን ሲያጡት ነው፤ የምትጽፍልኝን የዚችን የልጅ ልጄን አባት። ወታደሮች በሩን መቱ፣ ከፈትሁ። «ልጅሽ የት ነው?» አሉኝ። አላውቅም አልሁ፤ እውነትም አላውቅም። አንዱ አልጋ ሥር አጎንብሶ አየ፣ ሌላው ጓዳ ገብቶ የገብሱን ማድጋ ከፍቶ አየ። ሰው እንዴት ብሎ ማድጋ ውስጥ ይገባል? ሲያጡት «ነጠላሽን ልበሽና ነይ» አሉኝ። ጎረቤቶቼ በር በራቸውን ይዘው ያያሉ። የተናገረ የለም። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን የምናገር አይመስለኝም።

ያስገቡን ቤት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ያለ መጋዘን ነው። ዱሮ ዓሣ ይከማችበት ነበር አሉ። መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው። ሲሚንቶ ነው፤ መካከሉን ቦይ ሰንጥቆታል፣ የዓሣው ደም የሚታጠብበት። የታሰሩ ሴቶች ከቦዩ ወዲህና ወዲያ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሽታው ከግድግዳው አልለቀቀም፤ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲግል እንደገና ይነሣል። ጀልባ ሲያልፍ ሞተሩ ይሰማናል፣ ወፎቹ ሲንጫጩ ይሰማናል፣ ውሃው ግድግዳውን ሲልሰው ይሰማናል። ሐይቁን ግን አናየውም። ዕድሜዬን ሙሉ ሐይቅ ዳር ኖሬ፣ በጆሮዬ ብቻ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ስንገባ ያለንን ጌጥ አውልቁ ተባልን። ጉትቻዬን ሰጠሁ፣ የአንገቴን መስቀል ሰጠሁ። ከኔ ኋላ የነበረችው የወረታ ነጋዴ ናት፤ ሩዝ የምትነግድ እስላም ሴት። «ይኸ የጫንሽው ሩዝ ለማን ነው የሚሄድ?» ተብላ ነው የታሰረች። ቀለበቷ አልወጣ አለ።

«ወላሂ ጣቴን ካልቆረጥኸው አይወጣም» አለችው ወታደሩን። «እኔስ ከወለድሁ ወዲህ አውልቄው አላውቅ። ሂድ ሳሙና አምጣ።»

ሳሙና አመጣ። አጎንብሶ ጣቷን ሲያሽ «ቀስ በል፣ ባሌም እንዲህ አድርጎ ይዞኝ አያውቅ» አለችው። ያን ቀን የሳቅነው በሱ ብቻ ነው። እኔን «ጎጃሜዋ» ትለኛለች፤ ስሜን ብነግራትም አልጠራችኝም።

ከቦዩ ማዶ አንዲት ልጅ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ከጥፍሯ ሥር ጭቃ አለ። ገበሬ እንዳልል ቁመናዋ የከተማ ነው። አባቷ ፋብሪካ ሊሠራ ከሩቅ አገር መጥቶ እሷን እዚሁ ወልዷታል፤ አነጋገሯ ግን እንደ አዲስ አበባ ነው።

«ተማሪ ነሽ?» አልኋት።

«አዎ እማማ።»

«ምን ትማሪያለሽ?»

«ቅርጻ ቅርጽ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሐውልት መሥራት ነው» አለችኝ።

እኔ ደስ አለኝ። ባለቤቴ ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው፤ መቃብሩ ላይ ያለው እኔው ለቅሜ የከመርሁት ድንጋይ ነው። ሐውልት ሳላቆምለት እንዳልሞት እላለሁ፣ አቅም አልነበረም። «እንግዲያስ እግዜር ነው ያገናኘን» አልኋት። «ስንወጣ ለባለቤቴ ትሠሪልኛለሽ። መስቀል ይኑረው፣ ስሙ ይጻፍበት፣ ሌላ አልፈልግም።»

ሳቀች። ጥርሷን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። «የመቃብር ድንጋይ አይደለም እኮ እማማ! ሰው ነው የምሠራው። ፊቱን፣ ጭንቅላቱን። በጭቃ።»

«የባለቤቴን ፊት ፈንጣጣ በልቶታል፤ የሞተ ሰውም ትሠሪያለሽ?»

«የሞተም ያልሞተም።»

«ሰው ሳይሞት ሐውልት ይሠራለታል?» አልሁ። የወረታዋ «ይኸ እንግዲህ የክርስቲያን ሥራ ነው፣ እኔን አታስገቡኝ» ብላ ፊቷን አዞረች።

የታሰረችበትን ነገር ያወቅነው በኋላ ነው። ከሐይቁ ዳር ባመጣችው ጭቃ የሰው ራስ ሠርታ፣ አድርቃ፣ ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ ልትወስደው በጨርቅ ጠቅልላ ባጃጅ ላይ ወጣች። ኬላ ላይ አስቆሟት። ወታደሩ እጁን ሊሰድ ሲል፣

«ቀስ በል፣ ገና አልተተኮሰም» አለችው።

«ምኑ?»

«ልተኩሰው እየወሰድኩት ነው። ውስጡ በደንብ ካልደረቀ ደግሞ ይፈነዳል።»

ባጃጁን ጥሎ ሹፌሩ ሸሸ። እሷን መሬት ላይ በሆዷ አስተኟት።

ሸክላ እሳት ሲገባ ተተኮሰ እንደሚባል እኛ እናውቃለን። ወታደሩ የሚያውቀው የራሱን ተኩስ ነው። የወረታዋ ይህን ስትሰማ እስክታለቅስ ሳቀች። «አንች ልጅ፣ ኬላ ላይ ቆመሽ ልተኩስ ነው፣ ይፈነዳል ትያለሽ? ምነው ካቴናውን ራስሽ ይዘሽላቸው ብትሄጅ!»

ልጅቷም ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋ ጠፋ። ጨርቁን ሲፈቱት ቦምብ የለም፤ የወንድ ራስ ነው። ያን ጊዜ ሌላ ጥያቄ መጣ። «ይኸ ሰው ማን ነው?» ጫካ ያለ የሸማቂ አለቃ ነው ብለው ጠረጠሩ። ሐውልት የሚሠራለት ተራ ሰው አይደለም አሉ።

«የማን ነው ታዲያ?» አልኋት።

«የማንም አይደለም። ግንባሩን ሐይቁ ላይ ካየሁት ባለጀልባ ነው የወሰድኩት። አፉ የአባቴ ነው። ጆሮውን ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም።»

«የአዳም ነው በያቸው» አለች የወረታዋ። «ሄደው እሱን ይያዙት።»

«አንድ ስም ብጠራ እንደሚፈቱኝ ነግረውኛል» አለች ልጅቷ። «የጠራሁትን ሰው ግን ያመጡታል። ዝም ካልኩ ደግሞ በመኪናው እጫናለሁ።»

መኪናው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። መጋረጃ ያለው የጭነት መኪና ነው። በሱ የተወሰደ ሰው ወዴት እንደደረሰ ወሬው አይሰማም። ጠዋትም ማታም ሞተሩን ስንሰማ ጨዋታ ይቆማል፣ ሁሉም ነጠላውን አፉ ላይ ይይዛል።

ልጅቷ ስትፈራ ስለ ሥራዋ ታወራለች። ሙዚየም የሚባል ቤት አለ፣ አዲስ አበባ መምህራቸው ወስደው አሳይተዋቸዋል።

«እንስራ መስታወት ውስጥ አስቀምጠው መብራት አብርተውበታል፣ እማማ።»

«ውሃ አለበት?»

«የለበትም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የሚጠብቁት?»

እንዲህ አለችኝ፦ «እኔም እዚያ ቆሜ እሱን ነበር የማስበው። ወረቀት ተለጥፎበታል፤ እንስራ፣ ጎጃም ይላል። የሠራችው ሴት ስም የለም። ግን አንገቱ ዙሪያ በአውራ ጣቷ እየተጫነች እንደ ጨሌ ደርድራዋለች። ውሃ ለመቅዳት ያ ምን ያደርጋል? ማንም አላዘዛትም። ጭቃው ሳይደርቅ ቸኩላ፣ ልጅ እያለቀሰባት ይሆናል፣ ዞራ ዞራ ጣቷን አሳረፈችበት። ስሟ ጠፍቶ ጣቷ አለ። ያን ቀን ነው ሠዓሊ መሆኑን ትቼ ጭቃ የያዝኩት።»

እኔ እናቴ በጀርባዋ ያዘለችውን እንስራ አሰብሁ። አንገቱ ላይ ምን እንደነበረበት ላስታውስ ብል አልመጣልኝም። ዕድሜ ልኬን አይቼው፣ አላየሁትም ማለት ነው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የክፍል ጓደኞቿ ወደ አንድ ደሴት ገዳም የሄዱ ዕለት የሆነውን ነገረችን። ሴት የማይረግጠው ገዳም ነው። ወንዶቹ ወርደው ዘውዱን፣ መስቀሉን፣ በቀለም ያጌጠውን ብራና ሊያዩ ገቡ፤ እሷ ጀልባው ላይ ቀረች። «ሲመለሱ በስልካቸው አሳዩኝ። የጣት ቁመት ሆኖ ነው ዘውድ ያየሁት» አለች። «ከጀልባው ሆኜ ውሃው ዳር የበቀለውን ደንገል ሳይ ዋልኩ። የጀልባው ሰውዬ አብሮኝ ተቀምጦ ነበር። ግንባሩ ያኔ ነው ዓይኔ ውስጥ የገባው።»

«እንግዲህ ጥፋቱ የመነኮሳቱ ነው» አለች የወረታዋ። «ቢያስገቡሽ ኖሮ አትታሰሪም ነበር።»

አንድ ከሰዓት ልጅቷን አንገቴን አተኩራ ስታይ አገኘኋት። ንቅሳቴን ነው። «ጌጥ ሁሉ ሲወሰድ ይኼን ረሱት» አለችኝ። ማን እንደሠራው ጠየቀችኝ። ልጅ ሳለሁ እናቴ እጄን ይዛ፣ አንዲት ሴት በእሾህና በጥላሸት ወጋችኝ፤ ብጮህም እናቴ አልለቀቀችኝም፤ ትኩሳት አስተኛኝ፣ ስነሣ አምሮብኝ ነበር አልኋት። በጣቷ መስመር መስመሩን ተከተለችው። ጣቷ ሻካራ ነው፣ ሲነካ ግን ቀላል።

«ይኼ ሙዚየም አይገባም» አለች።

«አፈር ነው የሚገባ» አልኋት። «ከኔው ጋር።»

በማግሥቱ ጠዋት ጠሯት። ስትመለስ ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛ ነው። ጣቶቿ አብጠው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ምን አደረጉሽ አላልናትም። የወረታዋ ሻሿን በውሃ ነክራ ጠቀለለችላት። ውሃ የምንጠጣበትን ጣሳ ሰጠኋት፣ መያዝ አቃታት፤ ወደ አፏ አቀረብሁላት። ጠጣችና፣

«ማታ መኪናው ይመጣል፣ እስከዚያ አስቢ ብሎኛል መርማሪው» አለች። ደግሞ ዝቅ ብላ «እማማ፣ ቀኝ እጄ ነው» አለችኝ። አላለቀሰችም። ግድግዳውን ታያለች። ሙቀቱ በረታ፣ ዓሣው ሸተተ፣ ዝንቡ ሻሹ ላይ ሰፈረ፣ እሷ አታባርረውም። እኔ ልጆች ወልጄ ቀብሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን እጄን የማደርግበት ያጣሁበት ቀን አላስታውስም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጠባቂው በሩን ከፍቶ «ተነሽ» አላት። አብሬ ተነሣሁ። አስቤበት አይደለም፣ ጉልበቴ ነው የተነሣው።

«እርስዎን አልጠራሁም» አለኝ።

«ያ ራስ የኔ ነው» አልሁት።

ይዞን የገባው የመርማሪው ክፍል መስኮት አለው። ሐይቁን አየሁት። ወርቅ መስሎ ነበር፤ ፊቴን መለስሁ። የጭቃው ራስ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አንዱ ለቀልድ የወታደር ቆብ ደፍቶበታል። መርማሪው ጎልማሳ ነው፣ ጨዋ አፍ ያለው።

«ምን ሆኑ እማማ? ስለ ልጅዎ ስንጠይቅዎ አላውቅም አሉ። ስለዚህኛው ግን ሳንጠይቅዎ መጡ።»

«ያ የማላውቀው ነው። ይኸ የማውቀው ነው» አልሁት። «ባለቤቴ ነው።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። አፏ ተከፈተ። እሷን አላየኋትም።

«ባልዎ የት ነው ያሉት?»

«ከመቃብሩ። ሐውልት አልነበረውም፣ ለሷ ነግሬ አሠራሁለት። ሐውልት ለሞተ ሰው ማሠራት ተከልክሏል?»

«እሷ ለምን ይህን አልተናገረችም?»

«እኔ ነኛ። ለሙት ዓመቱ ስገልጠው ዘመድ እንዲደነግጥ ብዬ፣ ለሰው እንዳታወሪ ብያት ነው። ቃሏን ጠበቀች። ከእናንተ ዱላ ይልቅ የኔን ቃል ፈርታ ይሆናል፣ ምን አውቃለሁ።»

ስሙን ጠየቀኝ፣ ነገርሁት። የክርስትና ስሙንም፣ የተቀበረበትንም ቤተ ክርስቲያን ነገርሁት። ማንን ይይዛል? ይሂድና ያስነሣው።

«እሳቸውን ይመስላል?» አለኝ።

ሄጄ ቆቡን አነሣሁለት። ልጄ፣ አይመስለውም። ባለቤቴ ፊተ ቀጭን ነበር፣ ፈንጣጣ የበላው። ይኸ ግንባረ ሰፊ ነው፣ ለስላሳ፣ አንድ ነገር ሊናገር የመጣ የሚመስል። እጄን ጆሮው ላይ አሳረፍሁ። ጆሮው ዙሪያውን በአውራ ጣት ተጫን ተጫን ተደርጎ ነው የተሠራ፤ እንደዚያ እንስራ አንገት። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። ላስመስል ብዬ አይደለም።

«ጆሮው ራሱ ነው» አልሁት።

መርማሪው ብዙ አየኝ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረ። «ውስጡ ምንድን ነው ያለው?»

«ባዶ ነው» አለች። «ባዶ ካልሆነ አይተኮስም።»

አንሥቶ መዘነው። አወዛወዘው። «ለማንኛውም» አለና ለቀቀው።

ትልቅ ድምፅ የለውም። እንደ ደረቅ ዳቦ ነው የተሰበረው። አቧራ ወጣ፣ ሌላ ምንም አልወጣም። ልጅቷ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስትስብ ሰማሁ፣ በቃ።

ነጠላዬን መሬት ላይ ዘረጋሁና ተንበረከክሁ። ግንባሩን አነሣሁ፣ አፉን አነሣሁ፣ አገጩን አነሣሁ።

«ይተዉት እማማ፣ ይጠረጋል» አለኝ።

«የባለቤቴ ፊት በመጥረጊያ አይጠረግም።»

አንዱ ቁራሽ መርማሪው ጫማ ሥር ገብቷል። እጄን ዘርግቼ ጠበቅሁ፣ አላነሣም። ቀና ብዬ አየሁት።

«እግርህን አንሣልኝ፣ ልጄ» አልሁት።

እግሩን አነሣ። ጆሮው ነበር። እስካነሣው እግሩን እንደሰቀለ ጠበቀኝ።

ያን ማታ መኪናው ሲመጣ እሷን አልጠሯትም። ነጠላውን ከቦዩ አጠገብ ዘርግተን፣ እሷ በግራ እጇ ቁራሹን ከቁራሹ እያገጠመች ፊቱን በጀርባው አስተኛችው። በየመሐሉ ክፍተት ነው፣ ተጎርዷል፣ ተቦርብሯል። የወረታዋ አጎንብሳ አየችና፣

«ጎጃሜዋ፣ ባልሽ ፈንጣጣ የበላው ነው አላልሽም?» አለች። «እንግዲያው አሁን ነው እሱን የመሰለ።»

እንዲያ ሳቅሁ ስልሽ! ከሳቄ ጋር ነው ያለቀስሁት። ልጅቷም ሳቀች፤ ያበጠውን እጇን ደረቷ ላይ ይዛ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። አንድ ጠዋት መኪናው መጣ፣ ጠሯት። ስም የለም፣ ጥያቄ የለም፣ ስለ ጭቃው ራስም ያነሣ የለም። ያ ሁሉ ውሸቴ የገዛላት ጥቂት ቀን ኖሯል። ተነሣች፣ ጫማዋን በግራ እጇ ስታጠልቅ አጎንብሼ አጠለቅሁላት። ጆሮውን አምጥታ መዳፌ ላይ አኖረችው።

«ወፍራም ነው፣ ውስጡ ገና አልደረቀም» አለችኝ። «እኔ ሳላየው እንዳያስተኩሱት። ይፈነዳል።»

ሌላውን ቁራሽ በፍተሻ ወስደው ሐይቁ ውስጥ ደፉት። ጆሮውን ሹሩባዬ ውስጥ ይዤው ወጣሁ። እኔን «ሂጅ» ያሉኝ ለምን እንደያዙኝም ሳይነግሩኝ ነው።

ትማርበት ከነበረው ቤት ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ ዘበኛው ወዲያና ወዲህ አይቶ «አይጠይቁ እማማ» አለኝ። አባቷ ከፋብሪካ ሲወጣ በር ላይ ጠብቄ አገኘሁት። አፉን ሳየው ቀድሜ አወቅሁት። እሱም ወሬ የለውም። የልጄም ወሬ የለም። የወረታዋ ግን ተፈትታለች፤ ሩዝ ትልክልኛለች፣ «ለፈንጣጣው» ብላ።

የባለቤቴ መቃብር ላይ አሁንም ያው ድንጋይ ነው ያለ። ጆሮውን ወስጄ ላኖርለት አስቤ ነበር። ያልተተኮሰ ጭቃ ዝናብ ካገኘው ግን ተመልሶ ጭቃ ነው። እንዳልተወው እፈራለሁ፣ እንዳልወስደው እፈራለሁ። እዚያ ሣጥኑ ውስጥ በጥጥ አስተኝቼዋለሁ። አንዳንድ ቀን አውጥቼ አውራ ጣቴን አውራ ጣቷ ያረፈበት ላይ አሳርፋለሁ። ልክክ ይላል።

ባለፈው ሸክላ የምትሸጠው ሴት እንስራ ይዛልኝ መጥታ አየችው። በጥፍሯ ቆረቆረችው፣ ወደ ጆሮዋ አስጠግታ አዳመጠችው። «ይኸማ ደርቆ አልቋል፣ እናቴ። ስጭኝ፣ ሰኞ ከኔው ጋር ልተኩስልሽ» አለችኝ።

እንደደረቀ እኔም አላጣሁትም።

«የሠራችው ሳታየው አይሆንም» ብዬ ተቀበልኋትና ወደ ሣጥኑ መለስሁት።